«አበባ ነው፤ ካስቀመጡት አይነቃነቅም» ተብዬ የገዛሁት የባሕር አበባ፣ ከ11 ወር በኋላ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መብራት መጣና ፓምፑ ተነሣ። እኔ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ ድምፁ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝ የሚለው ፓምፕ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንገጫገጫል። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሳይ የአኳሪየሙ (የቤቴ የዓሣ ማሳደጊያ የመስተዋት ሣጥን) ውሃ እንደ አጓት ደፍርሷል፤ ውስጡ ቡናማ ቁርጥራጮች ይሽከረከራሉ። የባሕር አበባዬ ክንዶች ነበሩ።

ሻጩ በፈረንጅ ስሙ አኒመኒ ይለዋል፤ እኛ ቤት የባሕር አበባ ነው። ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል፣ ፌስታሉ በፎም ሣጥን ታሽጎ መጣ፤ አዘዞ ኤርፖርት ሄጄ እንደ እንግዳ ተቀበልኩት። ለባለቤቴ የነገርኳት ዋጋ የእውነተኛው ግማሽ ነው። ይህን ካነበበችው እንግዲህ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። ነጋዴው በስልክ ያለኝ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ወንድሜ፣ አበባ በለው። ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ እዚያው ይጣበቃል፣ በቃ።»

በቃ ብሎ ነገር የለም። እንስሳ ነው። አፍ አለው፤ የሚናደፉ ክንዶች አሉት፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ የሚንሸራተት አንድ ሰፊ እግር አለው። ብርሃኑ ካነሰው ወይም የውሃው ፍሰት ካልተስማማው እግሩን ያላቅቅና ጉዞ ይጀምራል። የእኔው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቤት ቀየረ፤ ከዚያ ረጋ። ሰባት ወር ሙሉ ከቦታው ፈቀቅ ስላላለ እኔም ሰውዬውን አመንኩት።

ያ የሐምሌ ሌሊት መጣ። ዝናቡ ሲያወርደው አምሽቶ መብራት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ጠፋ፤ ፓምፑም ቆመ። የቆመ ውሃ ከአየር ኦክስጅን የሚወስደው በቀስታ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቢሆን ነው፣ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ይህ ፍጥረት ምፅዋ ባሕር ውስጥ ኖሮ የሚያውቅ ዘር ነው፤ ደጋ ላይ ታፍኖ ምን ያድርግ? እንደ እኔ ግምት የተሻለ ውሃ ፍለጋ መስተዋቱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፣ በመንገዱም ፓምፑን አገኘ። የቆመ ፓምፕ ለእሱ አንድ ተራ ድንጋይ ነው። አቀፈው። መብራት መጣ።

በነጋታው ለነጋዴው ደወልኩ።

«ስፖንጅ አላለበስከውም እንዴ?» አለኝ፣ ልጄ አፉን ሳይታጠብ ትምህርት ቤት እንደሄደ ዓይነት።

የምን ስፖንጅ? አበባ አይደል ያልከኝ? አበባ ላለው ሰው ማን ስፖንጅ ይነግረዋል? ይህን ሁሉ አላልኩትም፤ ስልኩን ዘግቼ ነው የመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሻወር ስወስድም፣ ታክሲ ስጠብቅም እየተከራከርኩት ነው፤ ሁልጊዜም እረታዋለሁ። የፓምፑን አፍ በስፖንጅ መሸፈን የሃምሳ ብር ሥራ አይሞላም። አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር?

በዚያ ሌሊት ያልተበጣጠሰውን ከፓምፑ አላቅቄ፣ ቁርጥራጩን በማጥለያ ለቅሜ፣ ለሳምንቱ ያዘጋጀሁትን 40 ሊትር ጨዋማ ውሃ ቀየርኩ። ትልቋ ዓሣ ግን አልተረፈችም። ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀለበት ያላቸው ጥንድ ዓሦች ነበሩኝ። በዚህ ዘር ትልቋ ሴት ናት፤ እሷ ስትሞት የቀረው ወንድ ቀስ በቀስ ራሱ ሴት ይሆናል። ተፈጥሯቸው እንዲህ ነው። አሁን ቤቴ ውስጥ ይህ ለውጥ እየተካሄደ ነው፤ ለአማቴ አልነገርኳትም።

አማቴ እንኳን ያለዚህም በቂ ቅሬታ አላት። አበባው በሳምንት አንዴ አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ ይበላል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር፣ ያውም በሁዳዴ፣ ፍሪዘሯ ውስጥ! «ምነው ልጄ፣ ይሄ እንኳን ለአበባ ለውሻስ ይሰጣል?» ብላ ለብቻው ባለ ክዳን ዕቃ አስገዝታኛለች። ከዚያም በላይ ዕቃውን በሦስት ፌስታል ታስረዋለች።

የቀረው እንክብካቤ ብዙ አያስወራም። በአንድ ሊትር 35 ግራም የባሕር ጨው፣ ለ120 ሊትሬ 4 ኪሎ ከ200 ግራም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፤ የጎንደር ሌሊት ስለሚበርድ ማሞቂያው አይጠፋም። ከውሃው የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን የምሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። አንድ ጎረቤቴ «አሞሌ አትፈጭበትም?» ይለኛል። አሞሌ ድሮ እዚሁ ከተማ እንደ ገንዘብ ዞሯል፣ ክብሩን አልነካም፤ ግን የባሕር ውሃ ከገበታ ጨው ሌላ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ሌላም ሌላም አለበት። የፋሲልን መዋኛ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ከቀሃ ይሞሉታል፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ባልዲ እሸከማለሁ።

ነሐሴን ሙሉ ልጥለው ነበር። የተረፈው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተሸብሽቦ ከድንጋዩ ጀርባ ተደበቀ። የሞተ አኒመኒ ውሃውን በሙሉ ስለሚመርዝ በየማለዳው አጎንብሼ አሸትት ነበር፤ የበሰበሰ ሽታ ከመጣ ይወጣል። አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ማገገም ጀመረ፤ አፉ ተዘጋ፣ ክንዶቹም እንደገና መሞላት ጀመሩ። እንቁጣጣሽ ማግስት ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጠራችኝ፦ «ና እስኪ፣ ይሄ ነገርህ ሁለት ሆኗል።»

እውነትም ተሰንጥቆ ሁለት ሆኗል። ይህ ዓይነቱ አኒመኒ አንዳንዴ ከጉዳት በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ ሁለቱም አፍ አላቸው፣ ሁለቱም ሽሪምፕ ይጠይቃሉ።

ታዲያ ግዙ ነው የምለው? በሐምሌ ብትጠይቁኝ ኖሮ ስድብ ነበር መልሴ። ዛሬ ሁለት አሉኝ፤ ፓምፑ ስፖንጅ ለብሷል፣ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋ ባለ ባትሪ ፓምፕም ገዝቻለሁ (ዋጋው አሁንም በግማሽ)። ሁለት መቶ ጊዜ የሚጠፋ መብራት ባለበት ከተማ ባትሪ ሳይኖረው አኒመኒ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለእኔ ቢሰጠኝ ይሻለዋል። ሻጩን ግን አልመርቀውም። አንዱን ልሽጥለት ደውዬ ነበር፣ «ድንጋይ ላይ ይቆያል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ችግር ቀርቷል። ሁለቱም የረጉት ከድንጋዩ ጀርባ ነው፤ ከሳሎን አይታዩም፣ ከወጥ ቤት በር ብቻ። ስለዚህ ሶፋውን አዙሬዋለሁ። ቴሌቪዥኑ አሁን ከኋላዬ ነው፤ ዜና የምሰማው በጆሮዬ ብቻ ነው።