ካሴግሬን ወይስ ግሪጎሪያን? የቪሳት ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት የቢሙን ስፋት እዩ

ለቢሮ ወይ ለሳይት ቪሳት (በትንሽ ዲሽ ከሳተላይት ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜትር ነው?" ብሎ ነው፣ እኔ ግን ቢሙ (ዲሹ የሚልከው የሞገድ ጨረር) ስንት ዲግሪ ነው ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ፣ ምክንያቱም ዲሹ በሰፋ ቁጥር ቢሙ ይጠባል። በ14 ጊጋኸርዝ ስትልኩ የ1.2 ሜትሩ ቢም ወደ 1.25 ዲግሪ ነው፣ የ2.4ቱ ግን 0.6 አካባቢ ነው። ይሄ ማለት 2.4ቱ በነፋስ አንድ ጠርዙ ከሌላው ጠርዝ 1.3 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ከሄደ ሲግናሉ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። የሚገርመው ለ1.2ቱም ልኩ ያው 1.3 ሴንቲ ነው፣ ግን ትልቁ የሚይዘው ነፋስ አራት እጥፍ ነው! አንድ ግቢ ጣራ ላይ የቆመ 2.4 አይቼ ፓይፑን በእጄ ብቻ ገፋ ሳደርገው ሞደሙ ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ በአይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ፓይፑንና ኮንክሪቱን አብራችሁ አስሉ።

ወደ ባለ ሁለት ሪፍሌክተሮቹ (ከዲሹ ሌላ ፊት ለፊቱ ትንሽ ሁለተኛ አንፀባራቂ ያላቸው፣ ካሴግሬንና ግሪጎሪያን) ስንመጣ ካሴግሬን ትንሿ ሪፍሌክተሩ ወደ ዲሹ የጎበጠች ናት፣ የግሪጎሪያኑ ደግሞ ጎድጓዳ ናት። ካሴግሬን አጠር ያለ ነው፣ ፊዱም (ሲግናሉን የሚረጨውና የሚቀበለው ክፍል) ከዲሹ መሃል ስለሚነሳ ለጥገና ይመቻል፣ ግን ትንሿ ሪፍሌክተር መሃል ላይ ጥላ ትጥላለች፣ ለትልቅ የምድር ጣቢያ ምንም አይደለም፣ በትንሽ ዲሽ ግን ጌን (ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የማጠናከር አቅሙ) ይቀንሳል ሳይድሎብ (ከዋናው ቢም ውጪ ወደ ጎን የሚወጣ ጨረር) ይጨምራል፣ ስትልኩ የጎረቤት ሳተላይት ልትረብሹ ትችላላችሁ። ኦፍሴት (ፊዱና ትንሿ ሪፍሌክተር ከቢሙ መንገድ ወደ ጎን የወጡበት) ግሪጎሪያን ይሄ ጥላ የለበትም፣ ወጣ ያለ ክንድ ስላለው ቦታ ይፈልጋል ዋጋውም ከፍ ይላል፣ እኔ ግን ለ2.4 ሜትር እሱን እመርጣለሁ። ለ1.2 ተራው ባለ አንድ ሪፍሌክተር ኦፍሴት ይበቃል፣ ብራችሁን አታባክኑ።

አንዳንድ ሻጭ "ቢሙ ይስተካከላል" ብሎ ዋጋ ይጨምራል። የሚደረገው ትንሿን ሪፍሌክተር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ከፎከስ ማውጣት ነው፣ ቢሙ በእጥፍ ሲሰፋ ጌኑ ቢያንስ 6 ዲቢ ይወርዳል፣ ማለት ወደ ሩብ። መርከብ ወይ መኪና ላይ ለሚጫን፣ ሳተላይቱን በሰፊ ቢም ፈልጎ አግኝቶ መልሶ ለማጥበብ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ ቦታ ለሚተከል ግን አትክፈሉበት፣ ይልቅ የሪፍሌክተሩ መቆለፊያ ብሎን ጠበቅ ያለ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ፣ ፋብሪካው ያሰረበትንም ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት።