የእርሻ ሞዴል ልትሠሩ ነው? ከበሬው ጀምሩ፦ የስኬል፣ የእንስሳት፣ የመሬትና የክዳን ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ የእርሻ ሞዴል የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው ለትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ የሚሯሯጥ ተማሪ ነው፤ ከነወላጁ። ሁለተኛው ለሆቴሉ ወይም ለሎጁ መግቢያ የሚታይ ነገር የፈለገ ባለቤት ነው። ሦስተኛው የአያቱን ደጅ ጠረጴዛ ላይ ማየት ያማረው ሰው ነው። ሦስቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከቤቱ ነው። ጎጆ ይሠራሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ከዚያ በሬ ፍለጋ ገበያ ይወጣሉ። የሚያገኙት በሬ ደግሞ ወይ ከጎጆው ይገዝፋል፣ ወይ ከዶሮዋ አይበልጥም።

ስለዚህ ይሄ ንጽጽር ከበሬው ይነሳል። ጎጆ፣ ጎተራ፣ አውድማ፣ ካብ በፈለጋችሁት መጠን በእጃችሁ ይሠራል። በአራት እግሩ የሚቆምና በሬ የሚመስል በሬ ግን ብዙዎቻችን አንሠራም፤ እንገዛለን። የምትገዙት ነገር መጠኑን ይወስናል፣ የምትሠሩት ይከተለዋል።

ስኬል፦ 1፡32፣ 1፡64 ወይስ 1፡87?

ስኬል ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ የሚነግር ቁጥር ነው፤ 1፡32 ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሰ ነው። ከውጭ በሚመጡ የእርሻ መጫወቻዎች ላይ የምታዩዋቸው መጠኖች ጥቂት ናቸው። ብሪተንስና የሲኩ የእርሻ ዕቃዎች 1፡32 ናቸው። ኧርትል በ1፡64 እና በ1፡16 ይታወቃል። ብሩደር 1፡16 ነው፤ ልጅ አሸዋ ላይ እንዲጫወትበት ግሩም ነው፣ ለማሳያ ግን ይገዝፋል። 1፡87 የባቡር ሞዴል ሠሪዎች መጠን ነው፣ ኤችኦ ይሉታል።

ቁጥሩን ወደ እኛ እርሻ እንመንዝረው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ገበሬ በ1፡32 5.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ1፡64 2.7፣ በ1፡87 ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ትከሻው ላይ 1.25 ሜትር የሚደርስ በሬ 3.9፣ 2 እና 1.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የጎን ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ጎጆ 15.6፣ 7.8 እና 5.7። የ3 ሜትር ሞፈር 9.4፣ 4.7 እና 3.4።

ጉዱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በ1፡32 በእያንዳንዱ ጎን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወስዳል። በ1፡64 78 ሳንቲ ሜትር፣ በ1፡87 57 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ 1፡32 የሚያሳየው ደጁን ነው። ቤቱ፣ በረቱ፣ አውድማውና አንድ ጥማድ በሬ ይገባሉ፣ ማሳው ጥግ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። 1፡64 እርሻውን ከነማሳው ያሳያል። 1፡87 ደግሞ ተራራውን፣ እርከኑን፣ ሰፈሩን ያሳያል፤ በሬው ግን ከሩቅ የሚታይ ነጥብ ይሆናል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ የጎንደር ገበሬ እርሻ ለሚሠራ ሰው 1፡32 ይሻላል። እርሻችን ላይ ዓይን የሚይዘው ነገር ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ ዕርፉና ጅራፉ ነው። እነዚህ በ1፡64 የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ያህል ይቀጥናሉ፤ በ1፡87 ጭራሽ ይጠፋሉ። አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። የምትሠሩት የመተማን ቆላ የሰሊጥ እርሻ ከሆነ 1፡64 ውሰዱ። እዚያ የሚያርሰው ትራክተር ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው፤ ውበቱ ያለው በስፋቱ ላይ ነው። ኧርትልም በዚህ መጠን የሠራቸው ትራክተሮች ብዙ ናቸው።

ግንቡን ከበስተጀርባ ማቆም የሚፈልጉም አሉ። በጎንደር ልጅ አይፈረድም! ግን ከ20 ሜትር የሚበልጥ ግንብ በ1፡32 ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቆሞ እርሻውን ይውጠዋል። የኋላ ሰሌዳው ላይ አሳንሳችሁ ሳሉት፣ የራቀ ይመስላል።

በሬውን ከየት እንግዛ?

ሦስት መንገድ አለ፦ ከውጭ የሚመጣ ብራንድ፣ በከረጢት የሚሸጥ የፕላስቲክ እንስሳ፣ እና የወለቃ ሸክላ።

ብራንዱ በመጠን ታማኝ ነው። 1፡32 ካለ 1፡32 ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀለሙ አይላቀቅም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ዋጋው ከሦስቱ ሁሉ ይከብዳል፣ ያውም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እየጠበቃችሁ ነው። ሁለተኛው፣ ከብቱ የፈረንጅ ከብት ነው፤ ሻኛ የለውም። ሽላይክ የሚባለውን የመጫወቻ እንስሳ ብራንድ የወደደ ደግሞ ይጠንቀቅ። እንስሳቱ በጣም ያምራሉ፣ ግን ወደ 1፡20 የሚጠጉ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ መጠን የተሠሩም አይደሉም። ከ1፡32 ገበሬ አጠገብ ቢቆም በሬው ዝሆን ያክላል።

እዚህ ላይ ግን ለእኛ የሚመች ነገር አለ። የውጭ የእርሻ ስብስብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሆልስታይን የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የፈረንጅ የወተት ከብት ነው። ጣና ዳር የሚረባው የፎገራ ከብትም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው! ቀንዱ አጭርና ወፍራም ነው፣ አንገቱ ሥር ቆዳው ይንጠለጠላል፣ ሻኛ አለው። ስለዚህ ሆልስታይን ግዙ፣ ሻኛውንና የአንገት ቆዳውን በሁለት ክፍል ተለውሶ በሚጠነክር ኤፖክሲ ጨምሩበት፣ ሲደርቅ ቀለም ቀቡት። ላም ከሆነች ግቷን በምላጭ ቀንሱት። የወተት ላም ግት ይዞ ቀንበር የተሸከመ በሬ ያየ ገበሬ ስቆ አያባራም። ከተገኘ ወይፈን ወይም ኮርማ መግዛት ይሻላል፣ ሥራው ይቀንሳል።

የከረጢቱ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ፒያሳና አራዳ መጫወቻ የሚሸጡ ሱቆች ላይ ይገኛል። ችግሩ መጠኑ ነው። አንድ ከረጢት ውስጥ ዶሮዋ በጉን ታክላለች፣ አሳማውም ይጨመራል (አውጥታችሁ ለልጅ ስጡት)። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ለ1፡32 በሬው ትከሻው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር፣ አህያው 3፣ በጉ 2፣ ዶሮዋ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። ከሁለትና ከሦስት ከረጢት ለቅማችሁ ብታወጡ እንኳ ከብራንዱ ይረክሳል። የፕላስቲኩ ማብለጭለጭ ያስጠላል፣ ግን የማያብለጨልጭ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል። ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ቀለም አያስይዝም።

ሦስተኛው ወለቃ ነው። በደባርቅ መንገድ ከከተማ ወጣ እንዳላችሁ የምታገኟት፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረችው የሸክላ መንደር ነች። ሸክላው በእጅ ይሠራል፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ስኬል የሚባል ነገር የለውም። የሚሠራው እጅ ግን ያገሩን ከብት ያውቃል። ከሦስቱ ነፍስ ያለው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። መጠኑን ለማስተካከል የምትፈልጉትን ቁመት እንጨት ላይ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያው ልክ እዘዙ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። እንደ አፈሩ ቢለያይም ከአሥር አንድ እጅ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል ትንሽ አስበልጣችሁ እዘዙ።

ጉድለቱ እግሩ ነው። ሸክላ ቀጭን እግር አይወድም፤ ወፍራም ያደርጉታል፣ ቀጭን ከተደረገ ይሰበራል። ስለዚህ ለ1፡32 እና ከዚያ ለሚተልቅ ይሆናል፣ ለ1፡64 አታስቡት። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሸክላና ፕላስቲክ አትቀላቅሉ። የሸክላ በሬ ከፕላስቲክ በግ አጠገብ ሲቆም ሁለቱም ይዋረዳሉ። ለሆቴል መግቢያ ከሆነ ሁሉም ሸክላ ይሁን፣ ቀለምም አትቀቡት። ለትምህርት ቤት ከሆነ የከረጢቱ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ተማሪ ተሸክሞት ይመላለሳልና ሸክላው አይተርፍም።

መሬቱ፦ ፎም፣ ቺፑድ ወይስ ጄሶ?

የደንቢያን ሜዳ የሚሠራ ሰው ብዙ አይጨነቅም። አንድ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ይበቃዋል። ሁለቱም እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ክረምቱን እንዲያልፉ ሥራ ሳትጀምሩ ከታችም ከጎንም ቀለም አጠጧቸው።

ወገራን ወይም ሌላ ዳገታማ ቦታ ለሚሠራ ፎም ይሻላል። ቀላል ነው፣ ይቆረጣል፣ ይደራረባል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ የሆነው ነጩ ፎም ነፃ ሊገኝ ይችላል፣ ግን ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይበተናል፣ ቤቱን በረዶ የጣለበት ያስመስለዋል። ለግንባታ የሚመጣው ባለቀለሙ ጠንካራ ፎም ዋጋ አለው፣ ግን እርከኑን እንደ አይብ ትቆርጡበታላችሁ። ከተገኘ እሱን ግዙ። በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ ውጭ ሆናችሁ ቁረጡ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም።

ጄሶ ብቻውን መሬት አይሁን። ይከብዳል፣ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ፎሙ ላይ በስሱ ሲለበጥ ግን ዐለትና ገደል ለመሥራት የሚተካከለው የለም።

ማጣበቂያው ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። ማስቲሽ፣ ሱፐር ግሉና የሚረጭ ቀለም ፎም ይበላሉ፤ ጉድጓድ አድርገውት ያርፋሉ። ለፎም የእንጨት ሥራ ነጩ ኮላ ብቻ። ሱፐር ግሉ ለፕላስቲክና ለሽቦ ይቀመጥ።

አፈሩን አትግዙ። ለሞዴል ተብሎ የሚሸጠው የውጭ ዱቄት ጥሩ ነው፣ ግን የደንቢያን ዋልካ አይመስልም። እውነተኛውን ጥቁር አፈር አድርቃችሁ በወንፊት ንፉት። ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ስለሆነ፣ በውሃ ለውሳችሁ በስሱ ብትቀቡት ራሱ ይሰነጣጠቃል፣ የበጋ ማሳ ይሆንላችኋል። ከደረቀ በኋላ ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጣችሁ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ፣ በሕክምና መርፌ (ሲሪንጅ) አንጠባጥቡበት። ሳሙናው ፈሳሹ ላይ ላዩን እንዳይንከባለል ይረዳዋል። አፈሩ ኮላ ሲነካው ትንሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ።

ጠጠር ለማስመሰል ጤፍ የሚበትኑ አሉ። መጠኑ በእርግጥ ይሄዳል፣ በ1፡32 የጤፍ ፍሬ የ3 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ያክላል። ግን አይጥ ይጠራል፣ ቤት ውስጥ እናት ካሉም እህል መበተኑ ሌላ ጣጣ አለው። ደቃቅ አሸዋ ያንኑ ሥራ ይሠራል። አረንጓዴ ለማድረግ ደግሞ በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ከውጭ ከሚመጣው የሞዴል ሣር በብዙ ይረክሳል። የውጩ ሣር በኤሌክትሪክ መሣሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያምራል፤ መሣሪያውን ለአንድ ሞዴል ብሎ መግዛት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ክዳኑ

የሣር ክዳን ለ1፡32 በጤፍ ጭድ ይሠራል። ከታች ጀምራችሁ ዙሪያውን በትንንሽ እፍኝ ደራርቡት፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ይበቃል። ገበያ ከስፌት ሠሪዎች ዕቃ ጋር የሚሸጠው ስንደዶ ለክዳን ይወፍራል፤ ለግድግዳው ማገርና ለአጥር ግን ልክ ነው። ለ1፡64 ጭዱም ይወፍራል። የቃጫ ገመድ ፈትታችሁ፣ በሚዶ አበጥራችሁ፣ እሱን ክደኑበት።

ዛሬ ገጠሩ ብዙ ቦታ ቆርቆሮ ነው፤ ሞዴሉ ላይም አንድ የቆርቆሮ ቤት ቢኖር እውነቱን ይናገራል። የካርቶን ውስጡን ሸንተረር ለቆርቆሮ የሚጠቀም አለ፤ ለ1፡32 በጣም ይሰፋል። ከምግብ ማሸጊያ አልሙኒየም ቆርጣችሁ የሚዶ ጥርስ ላይ በክብሪት እንጨት ጫኑት፣ ሸንተረሩ ልኩን ይዞ ይወጣል። ዝገቱን በቡናማ የውሃ ቀለም ጠቃ ጠቃ አድርጉበት።

ስፋቱና ሽፋኑ

ሰሌዳውን ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን ለኩ። ለትምህርት ቤት 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ተይዞ ይሄዳል። ለሆቴል ከዚያ የሚሰፋ ከሆነ በሁለት ሰሌዳ ሥሩትና መጋጠሚያውን በአጥር ወይም በካብ ደብቁት።

ሽፋን የግድ ነው፣ የበጋው አቧራ ጭድ ውስጥ ከገባ አይወጣም። መስታወት ይከብዳል፣ ግን አይጫጫርም። ግልጹ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ በደረቅ ጨርቅ በተወለወለ ቁጥር ግን ይጫጫራል። ለሚንቀሳቀስ ሞዴል ፕላስቲኩን፣ አንድ ቦታ ለሚቀመጥ መስታወቱን ምረጡ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትም አርቁት፤ ቀለም የተነከረው ሰጋቱራ ቶሎ ይደበዝዛል።