ለሚግል ራውተር ምን ይገዛል? ፋን፣ ሂትሲንክ ወይስ መሰርሰሪያ

ራውተር ሲግልና ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ሰው በብዛት የሚያነሣቸው መፍትሔዎች ሦስት ናቸው፦ ከሥሩ ፋን ማስቀመጥ፣ ቺፖቹ ላይ ሂትሲንክ የሚባለውን ባለጥርስ አሉሚኒየም መለጠፍ፣ አልያም ሽፋኑን መብሳት። አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ሂትሲንክ ሙቀቱን ከቺፑ ወስዶ ለአየር ያስረክባል፤ ፋንና ቀዳዳ ደግሞ ያንን አየር ከሽፋኑ ያወጡታል። አየሩ መውጫ ካጣ ሂትሲንኩም ከቺፑ ጋር አብሮ ይግላል። አንድ ነገር ብቻ የሚገዙ ከሆነ እንግዲህ ፋን ይግዙ።

ከመግዛት በፊት ግን ጥፋቱ የሙቀት መሆኑ ይረጋገጥ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነ የክፍል ሙቀት የተሠሩ ናቸው፤ ውስጥ ያለው ቺፕ ከዚያ በጣም ቢበልጥም ይችለዋል። ሽፋኑ እጅ ላይ ሞቅ ማለቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ራውተሩን ከሌላ ከሚሞቅ ዕቃ ላይ አንሥተው በአራት የጠርሙስ ክዳኖች ከፍ ያድርጉት፤ ያለዎትን የክፍል ማራገቢያ ወደ እሱ አዙረው ሁለት ሦስት ቀን ይከታተሉት። መቆራረጡ ካልቀነሰ አዳፕተሩን ይጠርጥሩ። ያረጀ አዳፕተር ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርድና ራውተሩ እየጠፋ ይነሣል፤ ምልክቱ ከሙቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የሚለካውም ራውተሩ እየሠራ ሳለ ነው፤ ነቅለው ሲለኩት ደኅና የሚመስል አዳፕተር ብዙ ነው። ባለ 12 ቮልቱ በሥራ ላይ ከ11.4 በታች ከወረደ የሚያስፈልግዎት ፋን ሳይሆን አዲስ አዳፕተር ነው፦ ቮልቱ ያው፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ጫፉና የፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ምልክቱ የሚገጥም።

የፋን ምርጫ በመጠን ይጀምራል። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ በቂ አየር ለመግፋት በኃይል መዞር ስላለበት ድምፁ ስል ነው፤ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቻልም። ባለ 120ው በዝግታ ዞሮ ከዚያ የበለጠ አየር ይገፋል፣ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፣ ራውተሩን ለማስቀመጥም ይመቻል። ባለ 80ው ቦታ ሲጠብ ብቻ የሚያዝ ነው።

በቮልት በኩል ቀላሉ ባለ 5 ቮልት የዩኤስቢ ፋን ነው። ራውተሩ ዩኤስቢ ካለው እዚያው ይሰካና አብሮት ይበራል፣ አብሮት ይጠፋል። የዩኤስቢ 2.0 ወደብ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፒር ስለሆነ ፋኑ ላይ የተጻፈው ከ300 ባይበልጥ ይመረጣል። በዚያው ራውተር ላይ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ግን ፋኑን በስልክ ቻርጀር ያሠሩት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልት ፋንም በ5 ቮልት ሊሠራ ይችላል፤ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ቢወርድም ለራውተር ይበቃል። በባለ ሦስት ሽቦው ፖዘቲቩ ብዙ ጊዜ ቀዩ ነው፤ በባለ አራት ሽቦው ግን ብዙ ጊዜ ቢጫው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፣ የቀሩት ጫፋቸው ለየብቻ በቴፕ ይሸፈናል። አንዳንዱ ፋን በ5 ቮልት ጨርሶ አይነሣም፤ ወይም በጣት ሲገፋ ብቻ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ይተዉት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆሞ ይቀራል።

ፋኑ ተጋድሞ ስለሚሠራ ኩሽኔታው ወሳኝ ነው። ስሊቭ የተባለው ተጋድሞ ሲሠራ ቶሎ ይበላና መጮህ ይጀምራል፤ ቦል ቤሪንግ የተጻፈበት ትንሽ ቢወደድም ይቆያል። ሲያስቀምጡት ጠርዙ ላይ ያለው የአየር አቅጣጫ ቀስት ወደ ላይ ያመልክት፣ ከሥሩም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ፋን የሚስበው አየር የለውም።

ሂትሲንክ ተራው የሚደርሰው ፋኑ ካልበቃ ነው። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው ይክፈቱት፤ ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ በጎማ እግሮቹ ወይም በተለጠፈው መለያ ሥር ይደበቃሉ። ዋስትናው ግን ሊቀር ይችላል። ቺፑ ገላጣ ከሆነ ጎኑን ይለኩና ከእሱ የማይሰፋ ሂትሲንክ ይግዙ፤ 14 በ14 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነው በብዛት ይገኛል። ቁመቱ ሽፋኑ ሲዘጋ እንዳይነካ አስቀድሞ መለካት አለበት። የቺፑን ፊት በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፣ ሙቀት አስተላላፊ ባለሁለት ፊት ቴፕ ያድርጉና ለ30 ሰከንድ ያህል ይጫኑት። ሙቀት አስተላላፊ ሙጫው ከቴፑ የበለጠ ይይዛል፤ ነገር ግን ለማንሣት ሲሞክሩ ቺፑን ከቦርዱ ሊነቅለው ይችላል። ለተጋደመ ራውተር ቴፑ ይበቃል። ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ግን የቴፑ አደጋ የከፋ ነው፤ ሲላላ አሉሚኒየሙ ወድቆ መስመሮችን ያገናኝና ራውተሩን ያቃጥለዋል።

ቺፑ በቆርቆሮ ክዳን ከተሸፈነ ክዳኑ ላይ ሂትሲንክ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ በመካከል የአየር ክፍተት አለና። እዚህ የሚገዛው ቴርማል ፓድ የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ ነው። ክዳኑ በእጅ የሚነሣ ከሆነ የደረቀውን አሮጌ ፓድ አውጥተው በክፍተቱ ልክ፣ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለስላሳ ፓድ ያስገቡ፤ ሂትሲንኩ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ላይ ይጠቅማል። በብየዳ የተያዘውን ክዳን አይንኩ። አንቴናው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ብረቱን ከአጠገቡ ያርቁ፤ ሲግናሉን ያዳክማል።

መብሳት ወጪው ትንሽ ነው፣ የማይመለስ ሥራም ነው። ቦርዱ ወጥቶ፣ በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከታችም ከላይም ካልተበሳ አየር አይዘዋወርም። ከላይ ያለው ቀዳዳ አቧራና የፈሰሰ ውሃ ያስገባል። ከሥር መተንፈሻ ላለው ራውተር አያስፈልግም፤ ዙሪያው ጥፍን ለሆነው ግን ፋኑን የሚያግዝ ይኼው ነው።

ሲከፍቱት ከኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ ያሉትን ክብ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ፣ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ክፍሎች) ይመልከቱ። አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጡ ፋንም ሂትሲንክም አያድናቸውም። ካፓሲተሩ የሚቀየረው በዚያው ቮልትና ማይክሮፋራድ፣ 105 ዲግሪ በተጻፈበት ነው፤ ብየዳ የማይችል ሰው ገንዘቡን ለሌላ ራውተር ቢያስቀምጠው ይሻላል።