የልጄን ጉልበት ለታደጉልኝ አሰልጣኝ ምስጋና

በየካ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የሰፈር ሜዳ፣ ማክሰኞና ዓርብ ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን የጥንካሬ ልምምድ ለሚያሠሩት አሰልጣኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጠራቸውም።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሱሪዎቹ ሁሉ አጠሩበት፤ ሰውነቱ ግን ቀጭን ስለነበር በትከሻ ገፋ ያደረገው ሁሉ ይጥለው ነበር። ጉልበት እንዲያገኝ ብለን የላክነው የመጀመሪያው ቦታ፣ በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው የሠሩትን ክብደት ከአዋቂዎች እኩል ያስነሡት፣ ጓደኛውን አሸክመው ዳገት ያስሮጡት፣ ሲደክመው ደግሞ ለቅጣት እንደ እንቁራሪት እያዘለሉ ሜዳውን ያዞሩት ነበር። ከጉልበቱ ሥር አብጦ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው «ሰነፍ ስለሆነ ነው» ተባልኩ። ወጌሻ ዘንድ ወስጄ ባሳሸው ባሰበት። ገንዘቡስ ይሁን፤ ልጄ እያመመው «ደኅና ነኝ» ማለት መልመዱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኚህ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ምንም አላሠሩትም። ሣሩ ላይ አብረውት ተቀምጠው የሚያመውን ቦታ በራሱ ጣት እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ ከዚያም «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብለው ክፍያ ሳይቀበሉ መለሱን። ሐኪሙ ሕመሙ በፍጥነት በሚያድጉ ስፖርተኛ ልጆች ላይ የሚታይ መሆኑን ነግሮን ሩጫና ዝላይ እንዲቀንስ ሲያዝ፣ እኔ ልጄ ለሚጫወትበት ቡድን አሰልጣኝ መንገር አፍሬ የነበረውን እሳቸው ራሳቸው ደውለው ተናገሩልኝ። ልጄ በዚያ ምሽት ተኝቶ ሳለ እግሩን እያየሁ አለቀስኩ።

የልምምዱን ዝርዝር አላውቀውም፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ የጀመሩት በራሱ ሰውነት ክብደት ነው፤ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ በአንድ እግር መቆም። ብረት ከመንካቱ በፊት ለሳምንታት አነሣሡን በመጥረጊያ እንጨት አስተማሩት። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከዞረ «አሥር የተበላሸ ከሚሆን አምስት የተስተካከለ ይበቃል» ብለው ያስቆሙታል። ሰውነት ማፍታቻው ፊፋ ጉዳትን ለመከላከል ያዘጋጀውና 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው 11+ የተባለው ነው። እኔም እንደ ብዙ እናቶች «ክብደት ልጅን አያቀጭጭም ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው አልሳቁብኝም፤ በቅርብ የሚከታተለው ሰው ካለ ቁመትን እንደማያስቀር፣ ጉዳት የሚያመጣው ከአቅም በላይ መጫንና የተበላሸ አነሣሥ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። በፍልሰታም ጾሙን እንዲተው አልወተወቱትም፤ ልምምዱን አቅልለው ከበላ በኋላ ባለው ሰዓት አደረጉለት።

አሁን ልጄ ሳያነክስ ይጫወታል፤ ሲገፉትም እንደ ድሮው አይወድቅም። ከዚያ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ሲያመው «አመመኝ» ማለቱ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ወደ እኚህ ሰው ውሰዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ልጅ በላይ ስለማይቀበሉ ቀደም በሉ፤ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት እናንተን ሳይሆን እሱን ነውና።