ሲስተምሬስኪው የተጫነበት ነፍስ አድን ፍላሽ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በሐዋሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችን ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት ሊኑክስ ሚንት በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሲስተም ሲሆን፣ መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ አልነሳም የሚል ማሽን ስለማይጠፋ፣ ላለፉት ወራት ሲስተምሬስኪው (ኮምፒውተርን ከፍላሽ አስነስቶ ለመጠገን የሚያገለግል በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር) የተጫነበት ፍላሽ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ነው፤ 2 ጊጋባይት ፍላሽም ይበቃዋል።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ዲስኩ ላይ የተጫነውን ሊኑክስ ፈልጎ የሚያስነሳውን ምርጫ ነው። ግሩብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተበላሽቶ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ሲቀር፣ ፍላሹ በራሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የእኛኑ ሲስተም ያስነሳልናል። ባለጉዳይ ቆሞ ማመልከቻውን ሲጠብቅ መጀመሪያ ሥራው ይወጣል፤ ግሩብን እንደገና መጫኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሲስተሙ የተጫነው በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር አነሳስ ዘዴ) ከሆነ ግን ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት፤ አለዚያ ግሩቡ ያለ ቦታው ይጫናል።

የተጎዳው የፋይል ሥርዓቱ (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መዋቅር) ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል። የዲስኩ ክፍልፋይ ሥራ ላይ እያለ መጠገን ጉዳቱን ስለሚያባብስ ከፍላሽ ተነሥቼ፣ የመመርመሪያ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ምንም ሳይነካ እንዲመረምር ብቻ አዘዋለሁ። ዲስኩ ራሱ የማንበብ ስህተት እያሳየ ከሆነ ደግሞ ጥገናውን ትቼ ዳታውን በዲዲሬስኪው ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። ይህ መሣሪያ የትኛው ክፍል እንደተገለበጠና የትኛው እንደቀረ በመዝገብ ፋይል እየጻፈ ስለሚሄድ፣ መብራት መካከል ላይ ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንደኛ ባለ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሲስተምሬስኪው የሚሠራው ሚሞሪ ላይ በመሆኑ፣ መዝገቡ በውጭ ዲስክ ላይ ካልተቀመጠ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በባዮስ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ፣ ካልተዘጋ አይነሳም፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የባዮስ ይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። ከዚህም በላይ ሲነሳ የሚቀበላችሁ ባዶ የትእዛዝ መስመር ስለሆነ፣ መስኮትና አይጥ የለመደ ሠራተኛ ብቻውን ሊገለገልበት አይችልም፤ ስዕላዊው ገጽታም የሚመጣው በትእዛዝ ተጠርቶ ነው። በዚህ ምክንያት ለሥራ ባልደረቦቼ የሊኑክስ ሚንትን የመጫኛ ፍላሽ ለብቻው አዘጋጅቻለሁ፤ በውስጡ ያለው ቡት ሪፔር ቀላሉን የግሩብ ብልሽት በጥቂት ክሊክ ያስተካክላል። ዲስክ ሲታመም ግን አሁንም የማነሳው ሲስተምሬስኪውን ነው።