ለድንች ብስባሴ የቱ ይሻላል፦ ላክቶኔዝ ወይስ አሲሌዝ?

ከዳባትና ከደባርቅ የመጣ ድንች ጎንደር ገበያ ላይ ከጆንያ ሲገለበጥ፣ አንዳንዱ በጣት ሲጫኑት ይሟሟል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ለዚህ ብስባሴ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ፔክቶባክቴሪየም ነው። ባክቴሪያው ጥቂት ሳለ አድፍጦ ይቆያል። ኤኤችኤል የተባለ ኬሚካል ያመነጫል፤ ኬሚካሉ ሲጠራቀም መብዛቱን ያውቅና የድንቹን የሕዋስ ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን በአንድነት ይለቃል። ድንቅም አስፈሪም ነው።

ይህን የኬሚካል መልእክት የሚያከሽፉ ሁለት ዓይነት ኢንዛይሞች ከሌሎች ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ላክቶኔዝ የኬሚካሉን ቀለበት ይከፍታል፤ አሲሌዝ ቀለበቱን ከቅባታማ ጅራቱ ይቆርጠዋል። በአቆራረጥ አሲሌዝ ይበልጣል። ላክቶኔዝ የከፈተው ቀለበት አካባቢው አሲዳማ ሲሆን ተመልሶ ሊገጥም ይችላል፤ አሲሌዝ የቆረጠው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ለድንች ከሆነ ግን እኔ ያለማመንታት ላክቶኔዝን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ አሲሌዞች የሚቀናቸው ረጅም ጅራት ያለው መልእክት ነው፤ የፔክቶባክቴሪየም መልእክት ጅራት ደግሞ አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወይም ስምንት ካርበን። ላክቶኔዝ የሚነካው ቀለበቱን ስለሆነ የጅራቱ ርዝመት ብዙም አያግደውም። በተግባርም ታይቷል፦ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሲለስ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘው የላክቶኔዝ ዘረመል በ2001 ድንችና ትምባሆ ውስጥ ሲገባ፣ ተክሎቹ ብስባሴውን በተሻለ ተቋቁመዋል።

ሁለቱም ኢንዛይሞች ባክቴሪያውን አይገድሉትም። ስለዚህ እርጥብ ድንች አየር በማያገኝ ጆንያ ታጭቆ ከከረመ፣ የትኛውም ቢመረጥ ባክቴሪያው መራባቱን ይቀጥላል።