ላንካስተር ወይስ ዮርክ፦ የእንግሊዝ ዘውድ ለማን ይገባ ነበር?

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለዘውዱ የተዋጉት ሁለቱም ቤቶች (ንጉሣዊ ቤተሰቦች) የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘሮች ናቸው።

የዘር ሐረግ፦ ላንካስተር ከኤድዋርድ 3ኛ ልጅ ከጆን ኦቭ ጎንት በወንድ ሐረግ ይወርዳል። ዮርክ ደግሞ በእናት በኩል ከጆን ታላቅ ወንድም፣ ከላዮኔል። ሴት ታወርሳለች ካልን ዮርክ ይቀድማል።

ይዞታ፦ ላንካስተር እ.ኤ.አ. ከ1399 ጀምሮ ዙፋኑ ላይ ነበር፤ እሱም ነጥቆ።

ንጉሡ ራሱ፦ የላንካስተሩ ሄንሪ 6ኛ ጸሎተኛ ነበር፤ በ1453 ግን አእምሮው ታመመና የተወለደለትን ልጅ እንኳ ሳያውቀው ከረመ። የዮርኩ ኤድዋርድ 4ኛ ወጣት፣ ቁመተ ረጅም፣ ጦረኛ። በ1461 በታውተን ጦርነት ላይ በረዶ እየወረደ ነፋሱ ከዮርኮች ጀርባ ነፈሰ፤ የላንካስተር ቀስት እያጠረ መሬት ሲወድቅ፣ ዮርኮች እየነቀሉ መልሰው ወረወሩት።

ለተቀባ ንጉሥ መታመንን ለሚያስቀድም ላንካስተር፤ አገር የሚያስተዳድር ሰው ለሚፈልግ ዮርክ። እኔ እስከ 1483 ዮርክ ነኝ፤ ሪቻርድ 3ኛ የወንድሙን የኤድዋርድ 4ኛን ልጅ ዙፋን ከወሰደ ወዲያ ግን አልከራከርላቸውም።